ሦስት የጠመኔ መስመር

ሱሪው ወገቡ ላይ ሦስት የጠመኔ መስመር አለ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ አየውና ዓይኑን ወደ በሩ አሸሸ። መልሶ አየው።

ሦስት።

«ምነው ዶክተር፣ ሱሪ አይተህ አታውቅም?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱን ሱሪ ስታስጠብብ ስታስፋ፣ ጨርቁ ራሱ መንገዱን ለምዶ ብቻውን ይመጣል።»

ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሴቶች ሳቁ። እሱም እንደ ልማዱ ሳቀ። ከመንገዱ ማዶ አመድማ መኪና ቆማለች። ሞተሯ አልጠፋም። ከውስጧ የወረደ ሰው የለም።

«ና ወደ ውስጥ፣ ወገብህን ልለካህ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞረችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዛሬ ይጠሩሃል። የጸጥታ ቢሮው።»

«ለምን?»

«ማሽኑን አግኝተውታል።»

የትኛውን ማሽን ብሎ አልጠየቀም።

«አይነሳም» አለች። «የከተማውን ጠጋኝ በየተራ እየጠሩ ነው። ስምንት ሰው ሞክሮ አቅቶታል። መስመሩን አይተሃል አይደል? የቤት ትእዛዝ ነው። አስነሳው፣ ዝርዝሩን በፍሎፒ ዲስክ ቅዳ፣ አምጣልኝ። ሊመልሱን ነው ጉልቻ። ሁላችንንም።»

ሜትሩን አዞረች እንጂ ቁጥሩን አላነበበችም። ከደስታ ነው ብሎ አለፈው። ሰው የናፈቀውን ሲሰማ መቼ ዓይን ይኖረዋል።

ጉልቻ የምስጢር ስሙ ነው። የእሷ ዘቢብ። ስም አውጪው ሰውዬ ያን ቀን ከሚስቱ ጋር ኩሽና ውስጥ ሳይውል አልቀረም። ጠጋኙን ግን በትክክል ሰይሞታል፤ አንዴ አስቀመጡት፣ እዚያው ቀረ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከድንበር ማዶ መጥቶ ዕቃ አስተላላፊ መሳይ ቢሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባል ማስነሻ ሥርዓት ጫነ። ቢሮው የይስሙላ ነበር፤ ከኋላው ያለው የአገሩ የስለላ መሥሪያ ቤት ነው፤ እነሱ «ቤት» ይሉታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሮው በአንድ ጠዋት ተዘጋ። ማሽኑ ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር ተጭኖ ጠፋ። ጠጋኙ ጠባብ ሱቅ ከፈተና የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» አለው፤ አሮጌ ኮምፒውተር እያከመ ቆየ።

ትእዛዝ የሚመጣለት በዘቢብ ጠመኔ ነው። አንድ መስመር፦ ዝም ብለህ ባለህበት ቆይ። ሁለት መስመር፦ ሽሽ። ሦስት መስመር፦ ቤት ተናግሯል።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ማሽኑ ውስጥ ያለው ዝርዝር አጭር ነው። በዚህ ከተማ የተተከሉ አሥራ አንድ ሰዎች፤ እውነተኛው ስም በግራ፣ የውሸቱ በቀኝ። ወረቀቱ በቤት ተቃጥሏል። ሁሉንም በቃሉ ይይዝ የነበረው አለቃቸው፣ አጎት የሚሉት፣ በልብ ድካም ሄዷል። ዝርዝሩ በጸጥታ ቢሮው እጅ ከገባ አሥራ አንድ መቃብር ነው። ከጠፋ ደግሞ እነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ በዓለም ላይ አይኖርም። ለጠጋኙ እናት ልጅሽ በመኪና አደጋ ሞተ ተብሎ ተነግሯታል። አለመሞቱን የሚመሰክረው ያ ዲስክ ብቻ ነው።

ዘቢብ ተመልሳ ተቀምጣ ስፒሎቿን ወንበሯ ክንድ ላይ ሰካች። ክፉ አመሏ ነው። ስታስብ ባለሰማያዊ ራስ ስፒሎቿን ከተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሦስት ሦስት አድርጋ በመስመር ትሰካለች። የሱቋ ወንበር ጃርት መስሏል። ክንዱን ሳያስብ ያሳረፈ ደንበኛ ሁሉ ይጮሃል።

«ሂድ» አለችው። «ሱሪው ከሰዓት ይደርሳል።»

*

የጸጥታ ቢሮው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ፍርግርግ አለው። መሀል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ማሽኑ። ጥግ ላይ የተፈታቱ ኮምፒውተሮች አንጀት የሞላበት ካርቶን።

ጠጋኙ አሮጊት አክስቱን ሆስፒታል እንዳገኘ ሰው ማሽኑን ቆሞ አየው። ነጭ የነበረው ቆዳው እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል።

ሻለቃው ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ እርሳስ የሚያኝክ ሰው ነው። በሩ ላይ አንድ ዘብ ቆሟል።

«ዶክተር የሚሉህ አንተን ነው?»

«ለማሾፍ ነው ጌታዬ።»

«ስምንት ዶክተር ገብቶ ወጥቷል። አንዱ ማሽኑን በጥፊ መታው።»

«እሱም አንዳንዴ ይሠራል።»

ዘቡ ሊስቅ ብሎ ሻለቃውን አየና ተወው።

ጠጋኙ ቆሞ ማሽኑን አበራ። ማራገቢያው አቃሰተ። ዲስኩ ተንጠራራ። ከስክሪኑ ግራ ጥግ ሁለት የፈረንጅ ፊደል ወጣ። ኤል። አይ። ከዚያ ጸጥ።

ይህን ያውቀዋል። የዱሮው የሊኑክስ አስነሺ ሲነሳ የገዛ ስሙን አራት ፊደል አንድ በአንድ ይጽፋል። በየትኛው ፊደል እንደቆመ የት እንደታመመ ይነግርሃል። በሁለተኛው ከቆመ ቀሪው ራሱ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ ጠፍቶታል ማለት ነው።

«ልጆቻችን ዲስኩን አውጥተው ከአዲስ ማሽን ጋር አገናኙት» አለ ሻለቃው። «አላውቀውም አለ።»

«አዲስ ሽማግሌ መቼ ያውቃል።»

ክዳኑን ከፈተ። እንደ ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ሞታለች። ያቺ ስትሞት ማሽኑ ሰዓቱንም፣ ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነም ይረሳል። ከኪሱ አዲስ ባትሪ አውጥቶ ተካ። እንደገና አበራና ማሽኑ ስለ ራሱ የሚጠየቅበትን ሰማያዊ ገጽ ከፈተ። ስንት ሲሊንደር? ስንት ራስ? ስንት ሴክተር? እያለ የዲስኩን ልኬት ይጠይቃል።

ጣቶቹ ጻፉ። አንድ ሺህ አሥር። አሥራ ሁለት። ሃምሳ አምስት።

የሻለቃው እርሳስ ማኘኩን አቆመ።

«ቆይ።»

ጠጋኙ ቆየ።

«ቁጥሩ የሚጻፈው ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው አሉኝ። የዚህ ወረቀት ተልጧል። ሁሉም ስለሱ ነው ሲያማርሩ የከረሙት።» ቀረብ አለ። «አንተ ከየት አመጣኸው?»

ከየትም አላመጣውም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በነዚሁ ጣቶች የጻፈው ነው። ሰባት ዓመት ንግግሩን ጠብቋል፣ እንቅልፉን ጠብቋል፣ በሳቁ እንኳ የእናቱን አገር ቃና እንዳያመልጠው ጠብቋል።

ጣቶቹን ግን ማን ነገራቸው።

«በቃሌ ነው» አለ። ድምፁ እንዳይቀጥን ትንሽ ተቆጣ። «እንጀራዬ ነው ጌታዬ። ቅርጹን አይቼ አውቀዋለሁ። የእርስዎ ዘብ የጠመንጃውን ቁጥር አያውቅም?»

ሻለቃው ወደ ካርቶኑ ሄደ። አንድ አሮጌ ዲስክ አነሳ፤ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ይሄስ?»

«ዘጠኝ መቶ ሰማንያ፣ አሥር፣ አሥራ ሰባት።»

መዳፉን አነሳ። አነበበ። ፊቱ አልተለወጠም። ሌላ አነሳ፤ ጀርባውን ብቻ አሳየው።

«ይሄኛውስ?»

ጠጋኙ ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«እሱ የፍሎፒ ማንበቢያ ነው ጌታዬ። በውስጡ ምንም አይዝም፤ እንደ ኪሴ።»

ዘቡ በዚህኛው አልቻለም፤ ሳቀ። ሻለቃው እርሳሱን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

«ቀጥል።»

አስነሳው። ኤል። አይ። ኤል። ኦ። አራቱም መጡ፤ ነጭ መስመሮች ስክሪኑን እያጥለቀለቁ ወረዱ። ከዚያ ማሽኑ ቆመና፣ ባለፈው በደንብ አልተዘጋሁም፣ የዋና አስተዳዳሪው ይለፍ ቃል ካልተሰጠኝ አልንቀሳቀስም አለ።

ይለፍ ቃሉን ያውቀዋል። የእናቱ የቤት ቁጥር ነው።

«የይለፍ ቃል ይፈልጋል» አለ። «በፍሎፒ ዞሬ በጓሮ በር እገባለሁ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

እንግዲህ ቤቱ ቀርቧል። በጓሮ ገብቶ ዝርዝሩን ፍሎፒው ላይ መቅዳት የደቂቃ ሥራ ነው። ለሻለቃው ባዶ ገጽ ያሳየዋል፤ ሱሪውን ይወስዳል፤ ይሄዳል። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። የግራ ክንዱን አሳረፈ።

ወጋው።

ቁልቁል አየ። በወንበሩ ክንድ ላይ ሦስት ስፒሎች ተሰክተዋል። በመስመር። ራሳቸው ሰማያዊ።

ዘቢብ እዚህ ተቀምጣለች።

እዚህ ክፍል፣ እዚህ ወንበር ላይ፣ ከዚህ ሰው ጋር። ስፒሎቿን እስክትሰካ ድረስ ረጅም ጊዜ። ጠመኔውን የያዘችው እሷ ናት። ሦስት መስመር ለማስመር ቤት አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል።

ቤት አልተናገረም።

ምናልባት ቤት የሚባልም የለም።

«ምን ሆንክ?» አለ ሻለቃው።

«ወንበራችሁ ይዋጋል።»

አንዷን ነቀለና እንደ ቀልድ ኮቱ ላይ ሰካት። ሁለቱን ኪሱ ከተተ። እያሰበ ነበር። ዛሬ ቢያቅተው ነገ አሥረኛ ጠጋኝ ይመጣል፤ ባትሪው ተተክቷል፣ ቁጥሩም ሻለቃው ማስታወሻ ላይ ሰፍሯል። ቢቀዳ ዝርዝሩ ሄዶ ሄዶ ዘቢብ እጅ ይገባል፤ የዘቢብ እጅ ደግሞ ይህ ክፍል ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ዲስኩ መሞት አለበት። በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየታከመ።

የነፍስ አድን ፍሎፒውን አስገባ። ማሽኑ ዲስኩን ግለጽልኝ አለው። ጻፈ።

አንድ ሺህ አሥር። አሥር። ሃምሳ አምስት።

«ቅድም አሥራ ሁለት ነበር።» ሻለቃው ማስታወሻውን እያየ ነው።

«ቅድም በአሥራ ሁለት ቆመብን እኮ። ያቃጠለንን ደግመን እንጨብጥ?»

የእርሳስ ማኘክ ድምፅ።

«ሞክር።»

በየኮሪደሩ አሥራ ሁለት በር ያለው ሕንፃ አስብ። ለፖስተኛው በሩ አሥር ነው በለው። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች በትክክል ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ የአንዱ ለሌላው፣ የሌላው ለሦስተኛው ይገባል። ዲስኩም እንዲያ ነው። መግቢያው ይነበባል፤ ውስጡ ሁሉ የተዛባ ይመስላል። ፈታሹ ፕሮግራም ደግሞ ቅን ነው። የተዛባ ሲያይ ያስተካክላል። ያልተዛባውን እያፈረሰ።

ስለዚህ ነው የሙያው ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሳይቀዱ ለፈታሹ አዎ ማለት ነውር ነው የሚሉት።

«ስህተት አግኝቻለሁ፤ ላስተካክል?» አለ ማሽኑ።

ጠጋኙ እጁን አነሳ።

«እርስዎ ይጫኑ ጌታዬ። እኔ የመንግሥት ዕቃ ላይ አዎ ለማለት ማን ነኝ።»

ሻለቃው በአንድ ጣቱ ተጫነ። ሌላ ስህተት። ተጫነ። ሌላ። አርባኛው ላይ ጣቱን አራገበ።

«ሁሉንም አንዴ አዎ የሚል የለውም?»

«አለው። ግን…»

«ምን ግን! አድርገዋ!»

ትእዛዙን ጻፈለት። የመጨረሻዋን ቁልፍ ሻለቃው ራሱ መታት።

ዲስኩ ይንኳኳ ጀመር። ቁጥሮች ከታች ወደ ላይ ይሮጣሉ። ጠጋኙ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ አየ። ከነዚያ አንዱ ስሙ ነው። አባቱ ያወጣለት፣ እናቱ በመስኮት የምትጠራው። የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሲያልፍም አይሰማም።

ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ሲያበቃ «የጠፉና የተገኙ» የሚል አንድ ማኅደር ቀረ። ውስጡ በሺህ የሚቆጠር ቁርጥራጭ። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። አንዱን ከፈተ። እንቶ ፈንቶ ምልክት። ሌላውን። ያው።

ሻለቃው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ያለ መነጽር ትንንሽና የደከሙ ነበሩ።

«ስሞቹስ?»

«ይኸው ነው ያለው ጌታዬ።»

ሻለቃው ጣቱን አየ። ከዚያ ቁልፉን። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ዘብ። ዘቡ ጣሪያውን ይመለከታል። ሻለቃው ለአለቃው የሚናገረውን ሁሉ በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ይታያል።

«ሲመጣም የሞተ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ በዝግታ። «አይደል?»

«የሞተ ነበር።»

«ጻፍና ፈርም።»

ጻፈ። በውሸት ስሙ ፈረመ። ሌላ ስም እንደሌለው ያኔ ትዝ አለው።

«አሁን አንዲት ሴት የምታስረዳኝ ነገር አለ» አለ ሻለቃው ባርኔጣውን እያነሳ።

*

ጠጋኙ ዘቢብ ሱቅ በእግሩ ደረሰ። በመኪና መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ በአቋራጭ ከሄዱ ግን ጥቂት ደቂቃ ይቀድማሉ።

ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ሦስቱን ስፒሎች ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረ።

አየቻቸው። የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«ወንበራቸው ለስላሳ ነው» አለች።

«መቼ ያዙሽ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት። እኔን ነው የያዙት፤ ባልደረባዬን አላውቀውም አልኳቸው። ከጠጋኞቹ አንዱ ይከፍተዋል፣ የትኛው እንደሆነ ዝርዝሩ ራሱ ይነግራችኋል አልኩ።» ድምጿ ከፍ አለ። «ሊለዋውጡን ነበር! ድንበር ላይ፣ እስረኛ በእስረኛ። ሻለቃው ማለልኝ።»

«አመንሽው?»

«ሦስት ዓመት ቤትን ስጠራ ማን መለሰልኝ? አንድ መስመር፣ አንድ መስመር፣ አንድ መስመር። እሱንም ከራሴ እያወጣሁ ነበር የማሰምርልህ። አንተ እንኳ ሰው እንዳለህ ይምሰልህ ብዬ።»

ጠጋኙ ወንበር ፈለገ። አላገኘም። ጃርቱ ወንበር ብቻ ነበር።

«ዝርዝሩስ?» አለች።

«የለም።»

«የእኔም?»

«የሁላችንም።»

በእጇ አፏን ያዘች። እንባ አልመጣም። ሳቅ የሚመስል ነገር መጣ፤ እሱም ተመለሰ።

«እና አሁን እኛ ማነን ጉልቻ?»

ውጭ መኪና ቆመ። በር ተከፈተ። ሁለተኛ በር።

«አንቺ ልብስ ሰፊ» አለ። «እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ።»

የሻለቃው ጫማ ደጃፉ ላይ ተሰማ።

ሱሪውን ከመስቀያው አወረደች። ጠመኔዋን አነሳች። በሩ ሲከፈት ድምጿ የሰፈሩ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«…ወንድሜ፣ ሱሪው ጠበበኝ ትላለህ! አንተ ነህ እንጂ የወፈርከው!»

ሻለቃው ጠጋኙን አየ። ቆመ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ጠጋኙ አፉን ከፈተ።

እሷ ቀደመች።

«እንኳን መጡ፣ ይፍረዱን! ሰባት ዓመት ያንኑ ሱሪ ነው የሚያመላልሰው። ሌላ ደንበኛ ያለኝ አይመስለውም። ይኸው፣ ይኸው ምልክቱ፤ ዳግመኛ አላሰፋልህም።» ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የወገቡን ሦስት መስመር በእጅጌዋ ጠረገች። በጠመኔው ከመጠን በላይ ጫን ብላ አሰመረች።

አንድ።

አጣጥፋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ሻለቃው ከሱሪው ወደ ጠጋኙ፣ ከጠጋኙ ወደ እሷ አየ። «ከጠጋኞቹ አንዱ ብለሽኝ ነበር። የትኛው ነው?»

አንዲት መኪና በመንገዱ አለፈች። ሌላ አለፈች።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች። «ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ።»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለች፤ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፤ መሳቢያውን ዘጋች። ሻለቃው ይዟት ሲያልፉ ትከሻዋ የጠጋኙን ትከሻ ነካ። ቀና ብላ አላየችውም። ምን ዓይነት ቀን ቢሆን ለደንበኛ የምትለውን ነገር ግን አልረሳችም።

«በጤና ልበሰው።»

*

ማግስቱን ሱቁን በሰዓቱ ከፈተ። ከጎኑ ያለችው ነርስ አሮጌ ኮምፒውተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋ መጣች።

«ዶክተር፣ ይሄ ጉድ ሁለት ፊደል ጽፎ ይቆማል። የልጄ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ይተርፋል?»

«ባትሪው ነው። ይተርፋል።»

«እንዴት አወቅክ ሳትከፍተው?»

«ስንቱን አየሁ።»

ክዳኑን ፈታ። መጀመሪያ የዲስኩን ወረቀት ፈለገ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ፤ በቃሉ የሚያውቀው ቢሆንም።

ነርሷ በሩን ተደግፋ ታየዋለች። ከመንገዱ ማዶ የልብስ ሰፊዋ ሱቅ መዝጊያ እንደ ተዘጋ ነው።

«ልብስ ሰፊዋ ወዴት ሄደች? ቀሚሴ እሷ ዘንድ ነው።»

«እንጃ።»

«አታውቅም? አንተ እኮ ደንበኛዋ ነህ።» ከዚያ አተኩራ አየችው፤ እንደ ለመደችው ሳቀችበት። «ደግሞ ምነው ሰውዬ፣ ሱሪህ ላይ ጠመኔ አለ። አራግፈው እንጂ!»

ጠጋኙ ወገቡን አላየም።

«ይቆይ» አለ፣ ባትሪውን እየተካ።